የዶኛ ኢልዳ እከክ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጀርመን፣ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር እናቴ ቤት ሽንኩርት ስልጥ ጣቴን ቆረጥኩና ፕላስተር ፍለጋ የመታጠቢያ ቤቱን ቁም ሳጥን ከፈትኩ። እናቴ ዕቃ አትጥልም። ከጥጥና ከድሮ የሳል ሽሮፕ ጀርባ፣ ወረቀቱ የተላጠ ቡናማ ብልቃጥ ተቀምጧል። ምንነቱን ሳላስብ ክዳኑን ዞር አደረግኩት። ዲን ሸተተኝ።

የሌላው ሰው የልጅነት ሽታ ትኩስ ዳቦ ነው፣ ወይም ዝናብ የመታው አፈር። የእኔ ዲን ነው። በጉባኤያችን ስለ እሳትና ዲን ባሕር ሲሰበክ ሌላው ይፈራል፣ እኔ አፍራለሁ። ለምን እንደማፍር እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚሁ ሕንፃ፣ በዚሁ ሰባተኛ ፎቅ እናቴ፣ የአራት ዓመቱ ወንድሜ ናሆምና እኔ እንኖራለን። አባቴ አዲስ አበባ ሆኖ ቪዛ ይጠብቃል፣ እኛ እዚህ ሆነን እሱን እንጠብቃለን። እናቴ ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ዶሴ አስቀምጣ፣ ቴርሚን፣ የቢሮ ቀጠሮ፣ ባላት ቁጥር ደረቷ ላይ ታቅፈው ነበር። ኤርፖርት በጽዳት ሥራ የጠዋት ፈረቃ ስለነበረች፣ ገና ሳይነጋ እኔንና ናሆምን ከነብርድ ልብሳችን ወደ ስድስተኛ ፎቅ ታወርደናለች። እዚያ ዶኛ ኢልዳ አለች።

ዶኛ ኢልዳ ስድሳ ዓመት የሞላት፣ ሁለት ረጃጅም ጉንጉን ያላት የቦሊቪያ ሴት ናት። ሥራዋ የሕንፃውን ልጆች ከትምህርት ቤትና ከኪንደርጋርተን በፊትና በኋላ መጠበቅ ነው። ከእኛ ሌላ ከጉባኤያችን የእህት ጽጌ መንታ ልጆችም እሷ ዘንድ ይውላሉ። ዶኛ በአገሯ ቋንቋ እትዬ እንደማለት ነው፣ እናቴም «እትዬ ኢልዳ» ትላታለች፣ በሌለችበትም «እሳቸው» ነው የምትለው። እኛ ልጆቹ ግን በጀርመንኛ «ዱ» ስለምንላት አንቺ ሆና ቀረች። ጀርመንኛዋ እንደ እናቴ የተሰባበረ ስለሆነ ሁለቱ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። አስተርጓሚ መሆኔ ልቤን ነፍቶት ነበር።

ግድግዳዋ ላይ የጀርመን ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፣ እሷ ግን ዓመቱን የምትቆጥረው በላ ፓስ፣ በከተማዋ በዓላት ነው። ወተት እያሞቀችልን ትነግረናለች። በሰኔ የዮሐንስ ዕለት በየደጁ እሳት ይነዳል፣ ምክንያቱም የዓመቱ ብርድ የሚጠናው ያኔ ነው። በሰኔ ብርድ? ሴትዮዋ ወር የተምታታባት መስሎኝ አዘንኩላት። ለእናቴ ስነግራት «አዲስ አበባም እኮ ሰኔ ይበርዳል» አለችኝ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ከተሞች አንድ ሰፈር አድርጌ ማሰብ ጀመርኩ።

በኖቬምበር መጀመሪያ ፊት ያለው ዳቦ ጋገረች። ልክ እንደ ታቀፈ ሕፃን የተጠቀለለ ዳቦ፣ ዓይንና አፍ ያለው። የሞቱት ዘመዶቿ በዚያን ዕለት ለአንድ ቀን ይመጣሉ አለችን፣ ዳቦው ለእነሱ ነው። እኔ ዳቦዎቹ የሞቱባት ልጆቿ ናቸው ብዬ ገምቼ አልቀምስም አልኩ። ናሆም ግን ምን ገዶት፣ የአንዱን ራስ ገመጠው። ጮህኩ። ዶኛ ኢልዳ ሳቀች።

«ተዪው ይብላ» አለች። «የሞቱት ሽታውን ነው የሚበሉት። የቀረው የእኛ ነው።»

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። የሙታን ዳቦ የበላ ልጅ በጉባኤያችን ስንት ቀን እንደሚጸለይለት አውቃለሁ።

የፈረንጅ ገና አልፎ ጀርመኖቹ ዛፋቸውን ከየደጁ ሲጥሉ፣ ዶኛ ኢልዳ ከቁም ሳጥኗ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የሸክላ ሰውዬ ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ሪዛም። እጆቹን ዘርግቷል፣ አፉን ከፍቷል። ትከሻው ላይ አውራ ጣት የምታክል የዱቄት ከረጢት፣ ድስት፣ መሰላል፣ ሻንጣና ጫማ ተንጠልጥሎበታል።

«ኤኬኮ ይባላል» አለች።

ናሆም ወተቱ ትን አለው። «እከክ? ስሙ እከክ ነው?»

እኔም ከመቀመጫዬ እስክወድቅ ሳቅኩ። ምን ያስቃል ስትለን ክንዴን እየፎከትኩ እከክ በእኛ ቋንቋ ይኸውልሽ ይህ ነው አልኳት። ዶኛ ኢልዳ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀችና በጥፍሯ የሸክላውን ሰውዬ ብብት አከከችለት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሙ እከክ ሆነ። ማክሰኞና ዓርብ አፉ ላይ ሲጋራ ታደርግለታለች፣ ደጋሽ ሰው ሲጋራ አይከለከልም ትላለች። መስኮቱን ከፍተን ሲጋራው ብቻውን እየጤሰ ሲያልቅ እናያለን።

ጃንዋሪ ሃያ አራት፣ በእከክ በዓል ቀን፣ የላ ፓስ መንገድ ሁሉ በትንንሽ ዕቃ ይሞላል አለችኝ። በዚያ ዓመት የምትፈልጊውን ነገር በትንሹ ታገኚዋለሽ። ልክ እኩለ ቀን ላይ ይባረካል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ያድጋል፣ እውነተኛው ይመጣል።

«ግን ለራስሽ አይሆንም» አለች ጣቷን ቀስራ። «ሌላ ሰው ነው የሚሰጥሽ።»

ስለዚህ ለሕንፃው ሰው ሁሉ ትሠራለች። ለመንታዎቹ ከሽቦ ብስክሌት፣ ለእህት ጽጌ ስትወድቅ ስትነሳ የከረመችበትን መንጃ ፈቃድ፣ ለእናቴ የጊዜ ገደብ የሌለው የሥራ ኮንትራት፣ የክብሪት ቤት በምታክል ወረቀት ላይ። ያ ዓመት በዓሉ ቅዳሜ ስለዋለ ሁሉንም ልትጋብዝ ነው።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አባቴን።»

«ሰው በትንሹ አይሠራም» አለች። «ፓስፖርት ግን ይሠራል።»

ከሰማያዊው ዶሴ ከአራቱ የአባቴ ጉርድ ፎቶዎች አንዱን ሰረቅኩ። ከጥፍሬ ብዙም በማይበልጥ ፓስፖርት ውስጥ እንዲገባ ስንቆርጠው ሁለቱም ጆሮዎቹ ሄዱ። ማኅተሙን በጠርሙስ ቡሽ መታንለት። ሃያ አራት እስኪደርስ ከእከክ ጀርባ ተቀመጠ። በዚያ ወረቀት ያመንኩትን ያህል በሌላ ነገር ማመኔን አላስታውስም።

ነገሩ የተበላሸው ከበዓሉ በፊት ባለው ሰኞ፣ ራት ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከናሆም ኪንደርጋርተን በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ እናቴ አስነብባኝ፣ «ክሬትሰ ማለት እከክ ነው፣ ልጆች ላይ ተገኝቷል» ብዬ ተርጉሜላት ነበር። ናሆም ደግሞ በክረምት የማሞቂያው አየር ቆዳውን ያደርቀዋል። ሆዱን እየፎከተ ማካሮኒውን ይበላል።

«ምን ሆነህ ነው የምትፎክተው? እከክ ነው እንዴ?» አለችው እናቴ።

ናሆም ቃሉን ሲሰማ እንደገና ሳቁ መጣ። «ዶኛ ኢልዳ ጋ እከክ አለ!» አለ።

እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች። ወደ እኔ ዞረች። «ሜሪ፣ እውነት ነው? እትዬ ኢልዳ ቤት እከክ አለ?»

አሁን እዚህ ላይ ነው የማፍረው። ዝንጉ ልጅ ሆኜ፣ ወይም ሳይገባኝ ቀርቶ ቢሆን ምን ነበረበት! ገብቶኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ግን እከክ የሸክላ ሰውዬ ነው ካልኩ፣ ሲጋራ ማጨሱ ይመጣል፣ ከዚያ ጣዖት ይባላል፣ ከዚያ የአባቴ ፓስፖርት ይወጣል፣ የተሰረቀው ፎቶ ይወጣል፣ ሁሉም ይቃጠላል፣ አባቴ አይመጣም። በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ መዘንኩት። እከክ ቅባት አለው፣ በሳምንት ይለቃል። ጣዖት ግን ቅባት የለውም። ቀላሉን መረጥኩላት።

«አዎ» አልኩ። «ትንሽ።»

እናቴ አልተቆጣችም። «ምስኪን፣ ብቻቸውን ሆነው ጀርባቸውን ማን ያክላቸዋል?» አለች፣ ቀጥላም በራሷ ፈገግ ብላ «እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም» አለች። ከዚያ ግን ስልኳን አንስታ ለእህት ጽጌ ደወለች፣ መንታዎቹም እዚያ ይውላሉና።

በማግስቱ ከሱቅ ስንመለስ እናቴ፣ እህት ጽጌና እኔ ሊፍት ውስጥ ገባን። በሩ ሊዘጋ ሲል ዶኛ ኢልዳ ፌስታሏን ይዛ ደረሰች። ፌስታሉ ውስጥ የከለር ወረቀትና ሙጫ ይታየኛል። ሁላችንንም በፈገግታ ሰላም አለችን።

እህት ጽጌ ወደ እናቴ ጠጋ ብላ፣ በአማርኛ «እውነት እሷ እከክ አለባት?» አለች። ከእሳቸው ወደ እሷ ያወረደቻት በዚያች ደቂቃ ነው።

ዶኛ ኢልዳ ከዚያ ሁሉ ቃል አንዷን ለየቻት። እኔ ያስተማርኳትን። ፊቷ በራ።

«እከክ!» አለች። «አዎ፣ አዎ! እከክ! እኔ ቤት! ትልቅ!» እጆቿን ዘርግታ ስፋቱን አሳየች። «ቅዳሜ ሁላችሁም ኑ። ለሁሉም እሰጣለሁ። ለልጆቹም!»

ይህን ያህል ጀርመንኛ እናቴም እህት ጽጌም አያጡም። እህት ጽጌ ከሊፍቱ ግድግዳ ጋር ተለጠፈች። እናቴ እጄን ያዘችኝና «ምን እያሉ ነው?» አለችኝ፣ የሰማችውን ላለማመን። ዶኛ ኢልዳም እንድተረጉምላት ወደ እኔ ትመለከታለች፣ ምስጢራችን ስለሆነ ዓይኗን ጠቀስ አድርጋ። ሦስት ሴቶች እኔን እያዩ ነው።

«ቅዳሜ ኑ ነው የምትለው» አልኩ።

ሊፍቱ ስድስተኛ ፎቅ ቆመ። ዶኛ ኢልዳ እያውለበለበች ወረደች።

ማታ እህት ጽጌ ከአገር ቤት ያስመጣችውን ቅባት ይዛ መጣች። ቢጫ፣ ዲን ዲን የሚል። እናቴ እኔንና ናሆምን ከአንገት እስከ ጣታችን ቀባችን፣ አንሶላውን ሁሉ ቀቀለችው። መንታዎቹ ከዶኛ ኢልዳ ቤት ቀሩ። እህት ጽጌ የሰማችውን ለሌሎችም አደረሰችና በሦስት ቀን ውስጥ የስድስተኛ ፎቅ በር አንኳኪ አጣ። ዶኛ ኢልዳ ሊፍት ስትጠብቅ የሚያያት ሰው ደረጃውን ይወጣል። እናቴ ፈረቃዋን ለመቀየር አለቃዋን ለመነች፣ እኔም ናሆምን እየጎተትኩ ኪንደርጋርተን ማድረስ ያዝኩ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ እኮ አላመለጠኝም፣ ለቀቅኩት።

በየማታው ነገ እናገራለሁ እላለሁ። ደግሞ አንድ የማይገባ ነገር ሆነ፤ ማሳከክ ጀመረኝ። መጀመሪያ ክንዴን፣ ቀጥሎ ጣቶቼን። ቅባቱ ይሁን ምን፣ ሐሙስ ላይ ዶኛ ኢልዳ እውነት እከክ ይዟት ይሆናል ብዬ መጠርጠር ጀመርኩ። የራሴን ውሸት ከሌሎቹ ጋር አብሬ አመንኩት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል እናቴ አንሶላ ልታሰጣ ምድር ቤት ወረደች። እኔ በደረጃው ወረድኩ። የዶኛ ኢልዳ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ብስክሌቶቹ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ ኮንትራቱ፣ የማላውቃቸው ጎረቤቶች ቤትና መኪና፣ እያንዳንዱ ስም ተጽፎበት ተደርድሯል። የአበባ ቅጠል ተበትኗል። ከመሃል እከክ እጁን ዘርግቶ ሲጋራውን ያጨሳል። ዶኛ ኢልዳ ክብ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ የበዓል ሻሏን ለብሳ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሌሎቹ ስምንት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

«መጣሽ!» አለች። «ሌሎቹስ?»

ደጃፉ ላይ ቆምኩ። አልገባሁም።

«ሁሉም ቴርሚን አላቸው» አልኩ።

«ቅዳሜም?»

«ቅዳሜም።»

ራሷን ነቀነቀች። በዚህ አገር ለቴርሚን ማን ይከራከራል! ሰዓቱን አየችና ተነሳች። ልክ እኩለ ቀን ሲሆን በትንንሾቹ ዕቃዎች ላይ የአበባ ቅጠል በተነች፣ በራሷ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረች፣ የመንታዎቹን ስም፣ የጽጌን ስም፣ የእናቴን ስም እየጠራች። አንድም ሰው አልዘለለችም። ከዚያ የአባቴን ፓስፖርት አንስታ ወደ በሩ መጣችና በመዳፏ ዘረጋችልኝ።

እጄን ልዘረጋ ስል አሳከከኝ። የሹራቤን እጅጌ ወደ ታች ጎትቼ ጣቶቼን ሸፈንኩና ፓስፖርቱን በጨርቁ ያዝኩት።

ዶኛ ኢልዳ እጅጌዬን አየች። ሰውነቴን የሸፈነው ዲንም የሸተታት ያኔ ይመስለኛል። ልጆች ስትጠብቅ የኖረች ሴት ያን ሽታ ታውቀዋለች። ዓይኗ ከእጅጌዬ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ሄደ፣ ተመለሰ። በጣቷ የራሷን ክንድ ቀስ አድርጋ ፎከተች።

«እከክ» አለች በለሆሳስ። «ይሄ ነው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ሁልጊዜ ስትሰናበተኝ ፀጉሬን ትዳብሰኝ ነበር። እጇ ወደ ራሴ ተነሳ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ወደ ሻሏ ተመለሰ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በፌብሩዋሪ በካርኒቫል ማግስት በሯ ላይ የከለር ወረቀት ሪባኖች ተንጠልጥለው አየሁ። በከተማዋ በዚያ ሰሞን ሰው ቤቱን አስጊጦ ያመሰግናል ብላ ነግራኝ ነበር። ከበሩ አጠገብ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ሪደርቫልድ የሚባል ሌላ ሰፈር፣ የእህቷ ልጅ ዘንድ ሄደች። ሰው የነሳትን ቤት አመስግና ወጣች።

አባቴ በፀደይ መጣ። እናቴ በጸሎት ነው አለች፣ ጉባኤውም አጨበጨበ። ሻንጣውን ሲከፍት ከላይ ያወጣው ለእናቴም ለእኔም አልነበረም። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ ነው። «ይሄ ልጆቼን ለያዙልኝ ለእትዬ ኢልዳ ነው» አለ። «የት ናቸው? ወርጄ ጉልበታቸውን ልሳም።» እናቴ አንገቷን ደፍታ «ታመው ሄዱ» አለችው። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ብልቃጡን ይዤ እንደቆምኩ እናቴ ከኋላዬ መጣች።

«ውይ፣ የጽጌ ቅባት! አልጣልኩትም እንዴ?» አለች። ቀጥላ ድምፅዋ ለሰለሰ። «ያቺን… እትዬ ኢልዳን አስታወሰኝ። እከካቸው ለቀቃቸው ይሆን? እኔስ እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳቸዋለሁ።»

ይህን ያህል ዓመት! እናቴ በየማለዳው ተንበርክካ እኔ የሰጠኋትን እከክ ከጌታ ፊት ስታቀርብ ኖራለች።

«እከክ አልነበረባትም፣ እማዬ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ሊፍት ውስጥ ራሳቸው አልነገሩንም?»

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከእኔ ያልተለየውን ትንሽ ፓስፖርት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ገለጠችው፣ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። «አራተኛው ጉርድ ፎቶ» አለች። «ዶሴውን ስንት ጊዜ ገለበጥኩት። ጆሮው የታለ?» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። የሸክላውን ሰውዬ፣ ስሙን፣ «ትንሽ» ማለቴን፣ ቴርሚኑን፣ እጅጌዬን። የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ።

«ጣዖት ነው ብትዪኝ ምን ነበረበት?» አለች በመጨረሻ።

«ትቆጪ ነበር።»

«እቆጣ ነበር። ከዚያ ወርጄ ስለ ጌታ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸውም ስለ ሰውዬአቸው ይነግሩኛል። ሻይ እንጠጣለን፣ አለቀ።» ተነስታ ወደ መኝታ ቤቷ ሄደች። ስትመለስ ነጠላውን ይዛለች፣ ከነላስቲኩ። «ሪደርቫልድ አይደል የሄዱት?»

«አሁን የት እንዳለች ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለች ፊቴን እያየች።

አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ሪደርቫልድ ሄጄ ስሟን ከአንድ በር ደወል ላይ አንብቤዋለሁ። ጣቴን ደወሉ ላይ አድርጌ ሳልጫን ተመልሻለሁ።

«ምን ብዬ እነግራታለሁ፣ እማዬ?»

እናቴ ነጠላውን ብብቷ ስር አድርጋ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«አንቺ ምንም አትነግሪያቸውም» አለች። «እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ትተረጉሚያለሽ። ዛሬ ግን ሳታጎድይ።»